ዘበኛው ብርቱካን ይልጣል

ሄርማታ ገበያ፣ ከጫማ ጠጋኙ አጥር ተጎራብቶ፣
ወንድሜ ተማም ጌም ቤት ከፈተ፣ ሦስት ቴሌቪዥን አስገብቶ።
እኔ ሂሳብ ያዥ ነኝ፤ ደብተር፣ እስክሪብቶ፣ የግድግዳ ሰዓት፤
ማን መቼ ጀመረ፣ ማን ቀረበት ስንት።

ከጌሞቹ ሁሉ አንዱ ያጋፋል፤
ኮት የለበሰ ሰው በር ይሰብራል፣ ይተኩሳል፣ ያልፋል።
ስሙን አናውቀውም፤ ፊቱንም አላየን፤
ጌሙ ከኋላው ነው የሚያስከትለን።
ሁለት ዓመት ሙሉ ጀርባውን ስንነዳ፣
ትከሻው ላይ ያለች የተተረተረች ስፌት ብቻ ናት ዘመድ፤ ሌላው እንግዳ።

ባዶ ኮት ነው እሱ። አንተ ነህ የምትገባበት፤
ሲወድቅ ያንተ እልህ፣ ሲያልፍ ያንተ ኩራት።

ፊልም ሆነ አሉ። ፊልም ሆነ ጌማችን!
በፍላሽ መጣና፣ ቅዳሜ ማታ ጢም አለ ቤታችን፤
የአጂፕ ባጃጅ ነጂ፣ የኮቺ ጎረምሳ፣ ከጊንጆ የመጡ፣
አሥር አሥር ብራቸውን ለእኔ እየሰጡ፣
ጆይስቲክ ያልያዘ እጃቸው ማረፊያ አጥቶ፣ ጭናቸው ሥር ወትፈው ተቀመጡ።

መጀመሪያ ደህና፤ ጥይቱ እንደ ፈንድሻ ይንጣጣል፣
መኪና ይገለበጣል፣
ሸሂቡ ከፊት ሆኖ «ግራ! በግራ ና!» እያለ ያዛል፤
ሰውየው በቀኝ ሄደ።
ያኮረፍነው ያኔ ነው፤ ለካ ኮቱ ባለቤት አለው፣ ለሌላ ይታዘዛል።

ከዚያ በሩ ጋ ደረሰ።
ያ በር! ክቧን ስትጫናት ወለል የሚለው፣
ሺህ ጊዜ ያለፍነው፣
ፊልሙ ላይ ግን ቆመ፤ እጁን እጀታው ላይ አሳርፎ፣ ሳይገፋው።
በመስኮቱ በኩል ዘበኛው ይታያል፤
ብርቱካን ይልጣል፣
ልጣጩን ሳይበጥስ፣ አንድ ወጥ አድርጎ እንደ ገመድ ያንጠለጥላል።
አጠገቡ ልጁ መዳፏን ዘርግታ፣
ትጠብቃለች፣ እግሯን እያወዛወዘች፣ በርጩማ ላይ ወጥታ።

«ኧረ ግደለው!» አለ ኋላ የተቀመጠ።
«አሳልፈው!» አለ ሌላው፤ ፉጨት ቀለጠ።
«ድራማ እቤቴም ሞልቷል፣
ብሬን የከፈልኩት ለተኩስ ነው!» ብሎ ነዚፍ ተቆጥቷል።
አልፈርድበትም እኔ፤ ቤቱን አውቃለሁ፣ ግድግዳ ነው የሚለየን፤
አባትና እናቱ በእሱ በኩል እንጂ ሲነጋገሩ፣ ሦስት ክረምት ሆነን ካልሰማን።

ወዲያው ዝናብ መጣ።
የጅማ ዝናብ ነው፣ አንኳኩቶ አይገባም፤
ከጅሬን ወርዶ ቆርቆሮ ሲወቃ፣ የሚጮህም የራሱን አይሰማም።
ተማም ድምፁን ጨመረ፣ ጨመረ፣ እስከ ጥግ። ምንም።
ፊልሙ ላይ ውጊያ ሆነ፤
አፈሙዝ ብልጭ ይላል፣ ሰው ዘሎ ይወድቃል፤
ድምፁ ሲወሰድ ለካ ተኩስ ያስቃል፤
ከበሮው የጠፋበት ሰርግ ይመስላል።
ሳቁ። ነዚፍም ሳቀ።

ሰውየው ዞረ።
እኛው ፊት ለፊት። አንድ ዓይኑ በከፊል የተከደነ፣
ጢሙ ያልተላጨ፣ ቆንጆም ያልሆነ።
ከንፈሩ አንድ ቃል አለ፤ ዝናቡ ወሰደው፤
«ይቅር በለኝ ነው» ይላል ሸሂቡ፤ «ተነሣ» ይላል ባለ ባጃጁ፤ ተማም ደግሞ «ደከመኝ ነው ያለው»።
እስከ ዛሬ ያከራክራል።
ያን ማታ ግን ማንም አላፏጨም።

ሰኞ ነዚፍ መጣ። ጌሙን መረጠና በሩ ጋ ቆመ።
የጌሙ ዘበኛ ብርቱካን የለውም፣ ልጅም የለው፤
አራት እርምጃ ሄዶ መዞር ነው ሥራው።
አራት እርምጃ። ዞር። አራት እርምጃ። ዞር።
«ነዚፍ፣ ሰዓትህ ይሄዳል።»
«ይሂድ» አለኝ።
ሊሞላ ሁለት ደቂቃ ሲቀረው ክቧን ተጫነ፤
በሩ ወለል አለ፤ ተኮሰ፤ አለፈ፤ የሆነው ሆነ።

ደብተሬ ላይ ጻፍኩ፦ ነዚፍ። ሠላሳ ደቂቃ። አንድ በር።
ሊወጣ ሲል ዞሮ፣
«ያቺ ልጅ ግን» አለኝ፣ «ብርቱካኑን በላችው? አይተሻል?»
አላየሁም።
ያኔ መልስ እየቆጠርኩ ነበር።